የወረርሽኝ ጊዜ የገቢ ድጋፍ፦ የትኛው መንገድ ማን ጋ ይደርሳል?

«ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ የወር ደመወዝተኛውንና የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኘውን ሰው እኩል አይመታም። አንዱ ቤቱ ተቀምጦ ደመወዙ ባንክ ይገባለታል፤ የሌላው ጉልት ከተዘጋ በሦስተኛው ቀን ዱቄቱ ያልቃል። በኮሮና ጊዜ መንግሥታት ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሯቸው መንገዶች ሲቆጠሩ ብዙ፣ ሲጨመቁ አምስት ናቸው፦ የሠራተኛውን ደመወዝ በአሠሪው በኩል መደጎም፣ ሥራ ላጣ ሰው የሥራ አጥነት ክፍያ መስጠት፣ ለሁሉም እኩል ማደል፣ ችግረኛውን ለይቶ መስጠት፣ ቀድሞ የነበረን ሴፍቲኔት ማስፋት።

ይህ መመሪያ አምስቱን ያነጻጽራል። የተጻፈው በከተማና በወረዳ የማኅበራዊ ጥበቃ ሥራ ላይ ላሉ፣ በእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት ለሚነድፉና ጉዳዩን ለሚያጠኑ ሰዎች ነው። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘቡ በፊት መዝገቡ

በስብሰባ ላይ ክርክሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው «ለአንድ ሰው ስንት እንስጥ?» ከሚለው ነው። ከዚያ የተጀመረ ንድፍ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አያምርም። ገንዘብ ስም ይፈልጋል፣ ስም ደግሞ መዝገብ ይፈልጋል። በአንድ አገር ሊገኙ የሚችሉት መዝገቦች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ የግብር ከፋዮች፣ የጡረታ መዋጮ፣ የመታወቂያ፣ የመራጮች፣ የስልክ ደንበኞች፣ የነባር ተረጂዎች። እያንዳንዱ የራሱን ሰዎች ይይዛል፣ የራሱን ሰዎች ይጥላል።

ምንም ከመወሰናችሁ በፊት ይህን በወረቀት ላይ ሥሩት። አምስት ሰዎችን ወደ ታች ጻፉ፦ የባንክ ሠራተኛ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በተከራየው መኪና ራይድ የሚሠራ ሾፌር፣ ጉልት የምትቸረችር ሴት፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ። መዝገቦቹን ወደ ጎን ደርድሩና ስሙ ባለበት ቦታ ምልክት አድርጉ። የባንክ ሠራተኛው አራት አምስት ምልክት ያገኛል። ሰው ቤት የምትሠራዋ ልጅ ቢበዛ አንድ፣ እሱም ስልክ ነው፤ ሲም ካርዱ በአሠሪዋ ወይም በአጎቷ ስም ከሆነ እሱም ይቀራል። የምትመርጡት መንገድ የሚፈተነው ምልክት በሌለበት በዚህ ረድፍ ነው። የእኩልነት ጥያቄ እዚህ ላይ አብዛኛው ተመልሷል፤ መጠኑ ኋላ ይመጣል።

በአሠሪው በኩል፦ የደመወዝ ድጎማ

የብሪታንያው ከሁሉ ይበልጥ ይታወቃል። ከመጋቢት 2020 መጀመሪያ እስከ መስከረም 2021 መጨረሻ ቆየ። መንግሥት ከሥራ ገበታው ለቀረ ሠራተኛ የደመወዙን 80 በመቶ፣ ቢበዛ በወር 2,500 ፓውንድ ከፈለ። በጠቅላላው 11.7 ሚሊዮን የሥራ መደቦችን ነካ፤ ወጪውም 70 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነት ነው፦ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስምና ደመወዝ ከአሠሪው በየክፍያው ይቀበል ስለነበር አዲስ ምዝገባ አላስፈለገም። ሠራተኛውም ከድርጅቱ ጋር ያለው ውል ሳይቋረጥ ቆየ።

የተሰበረውም እዚያው ላይ ነው። መጀመሪያ የወጣው ደንብ የካቲት 28 ቀን 2020 በፔሮል (በአሠሪው የደመወዝ መዝገብ) ላይ የነበረውን ብቻ ነበር የሚሸፍነው። በመጋቢት መጀመሪያ ሥራ የቀየረ ሰው ከአሮጌው ወጥቶ አዲሱ ላይ ገና ስላልገባ ከሁለቱም ወደቀ። ቀኑ ኋላ ወደ መጋቢት 19 ተገፋ፤ ጥቂቶችን አዳነ፣ ሁሉንም ግን አላዳነም። ቁርጥ ቀን ስትመርጡ የትእዛዙን ቀን እንጂ ያለፈውን የወር መጨረሻ አትያዙ፤ ማጭበርበርን እከላከላለሁ ተብሎ የሚወሰድ የሁለት ሳምንት ርቀት የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ሠራተኛውን ነው።

ሁለተኛው ችግር መቶኛው ነው። የ80 በመቶ ስሌት ጣሪያ ነበረው፣ ወለል ግን አልነበረውም። በዚያ ዓመት ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ለአዋቂ ሠራተኛ 8.72 ፓውንድ ነበር፤ 80 በመቶው 6.98 ይሆናል። ሕግ «ከዚህ በታች አይከፈልም» ካለው በታች ማለት ነው። 3,000 ፓውንድ የሚያገኘው ሰው 2,400 ሲደርሰው መዝናኛውን ይቀንሳል፤ 1,000 የሚያገኘው 800 ሲደርሰው የሚቀንሰው ከኪራይና ከምግብ ነው። መቶኛ የትናንቱን ልዩነት እንዳለ ወደ ዛሬ ያሻግራል።

ጀርመን ይህን በከፊል ታርማለች። የአጭር ሰዓት ሥራ ክፍያዋ (ኩርትስአርባይት ይሉታል) የጠፋውን የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶ፣ ልጅ ላለው 67 በመቶ ይሸፍናል። በወረርሽኙ ጊዜ ከአራተኛው ወር ጀምሮ 70 እና 77፣ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ 80 እና 87 በመቶ ተደረገ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቁጠባ በጊዜ ብዛት ያልቃልና ድጋፉ ከወር ወር መጨመር አለበት። ነገር ግን በወር እስከ 450 ዩሮ የሚሠሩት፣ ሚኒጆብ የሚባሉት፣ ለሥራ አጥነት መድን ስለማያዋጡ ከነጭራሹ አልገቡበትም። በሬስቶራንትና በጽዳት ከተሰማሩት ብዙዎቹ እነሱ ነበሩ።

አውስትራሊያ መቶኛውን ትታ በቁርጥ ሄደች፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት 1,500 ዶላር፣ ደመወዙ ትንሽም ይሁን ትልቅ። ለዝቅተኛ ተከፋይ ከመቶኛ በጣም ይሻላል። እንዲያውም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ከቀድሞ ደመወዛቸው በላይ አገኙ። ከአንድ ዓመት በታች የሠሩ የቋሚ ውል የሌላቸውና በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ግን አልተካተቱም። እዚህም ያ ባዶ ረድፍ ባዶውን ቀረ።

በዚህ ክፍል ፈጽሞ መቅዳት የሌለባችሁ አሜሪካ ለአነስተኛ ድርጅቶች በባንክ በኩል ያበደረችውና ኋላ የሰረዘችው ብድር ነው። የመጀመሪያው 349 ቢሊዮን ዶላር ከሚያዝያ 3 እስከ 16 ቀን 2020 ባለው ጊዜ አለቀ። ባንኮች ቀድመው ያስተናገዱት ብዙውን ጊዜ ደንበኞቻቸውን ነበርና ከባንክ ጋር ትውውቅ የሌለው ትንሽ ሱቅ ወረፋው ሳይደርሰው ተዘጋበት። ኋላ ተጨምሮበት 800 ቢሊዮን ገደማ ደረሰ። ጉዳዩን ያጠኑት ኢኮኖሚስቶች ዴቪድ አውተርና ባልደረቦቹ እንዳሉት፣ ብድሩ ባይኖር ሥራቸውን ያጡ ለነበሩ ሠራተኞች የደረሰው ከ23 እስከ 34 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ባለቤቶችና ወደ ባለ ገንዘቦች ሄደ። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው ይህ ነው።

የደመወዝ ድጎማን ምረጡ የምንለው ከሚሠራው ሰው አብዛኛው በፔሮል ላይ ላለበት አገር ነው፤ ያውም ጣሪያና ወለል አድርጎ። አሠሪው «ሠራተኛዬ ናት» ካላለ ይህ መንገድ ዋጋ የለውም። በሰኔ 2020 ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው በቆንስላው ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ስለማይሸፍን የሚጠይቁት ደመወዝ እንኳ በሕግ ፊት ስም አልነበረውም።

የሥራ አጥነት ክፍያ፦ የአሜሪካው 600 ዶላር

አሜሪካ ሠራተኛው ከተሰናበተ በኋላ በክፍለ ግዛቱ በኩል ትከፍላለች። በተለመደው ጊዜ የደመወዝ ግማሽ ገደማ ነው፣ ጣሪያም አለው። በመጋቢት 27 ቀን 2020 የተፈረመው ሕግ በላዩ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ቁርጥ ጨመረ። ቁርጥ የሆነው በፍልስፍና አይደለም። የብዙ ክፍለ ግዛቶች ኮምፒውተር ኮቦል በሚባል አሮጌ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ የቆየ ሥርዓት ስለነበር ለእያንዳንዱ ሰው የደመወዙን መቶኛ አስልቶ መክፈል አይችልም ነበር። የአማካይ ደመወዝና የአማካይ ክፍያ ልዩነት 600 ገደማ ስለሆነ ያ ተወሰደ።

በቨርጂኒያ ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ከፍተኛው የሳምንት ክፍያ 378 ዶላር ነበር። በሳምንት 500 ዶላር ሲሠራ የቆየ የሆቴል አስተናጋጅ 260 ገደማ ያገኛል፤ 600 ሲጨመር 860፣ ማለትም የቀድሞ ገቢው 172 በመቶ። በሳምንት 1,800 የሚያገኝ ባለሙያ 378 ሲደመር 600፣ 978 ያገኛል፤ 54 በመቶ። ሥራ ካጡት መካከል የነበረው የገቢ ልዩነት በአንድ ሕግ ጠበበ። ከፋይ ኮምፒውተር አርጅቶ ከታቀደው በላይ እኩልነት ማምጣቱ የዚህ ታሪክ እንግዳ ክፍል ነው።

ቅሬታው የመጣው ከሌላ ወገን ነው። በግሮሰሪ ካሸር ሆና በሳምንት 480 ዶላር እየተከፈላት፣ በሽታውን ፊት ለፊት እየተጋፈጠች ሥራ የቀጠለችው ሴት ከተሰናበተችው ባልደረባዋ ያነሰ አገኘች። ሥራ ላጣ ሰው ቁርጥ ከጨመራችሁ ሥራው ሊቋረጥ ስለማይችል ሥራ ላይ ለቀረው ሠራተኛ የአደጋ አበል አብራችሁ አስቡ፤ አለዚያ ድሃው ከድሃው ጋር ይጣላል።

ከዚህ ክፍል በተለይ ለእኛ ሰው የሚቀርበው የግል ሠራተኞች ክፍያ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ታክሲና ኡበር ላይ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቀጣሪ ስላልሆኑ በመደበኛው የሥራ አጥነት መድን አይሸፈኑም። ያው የ2020 ሕግ ለነሱ ልዩ በር ከፈተ። ክፍያው የሚሰላው ግን ከግብር ወረቀቱ የተጣራ ትርፍ ላይ ነበር። በ2019 አንድ ሾፌር ለሥራ ለነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 58 ሳንቲም ከገቢው መቀነስ ይችል ነበር፤ 40,000 ማይል ከነዳ 23,200 ዶላር ይቀነስለታል። በግብር ጊዜ ደስ ይላል። 50,000 ያስገባ ሰው በወረቀት ላይ 26,800፣ ሌሎች ወጪዎች ሲቀነሱም ከዚያ ያነሰ ያተረፈ ሆኖ ይታያል። ትርፉ ዝቅ ያለው በቨርጂኒያ ዝቅተኛውን፣ በሳምንት 158 ዶላር አገኘ። 600ው እስካለ ድረስ 758 ነበርና ማንም አላጉረመረመም። በሐምሌ መጨረሻ 600ው ሲቆም 158ቱ ብቻውን ቀረ።

የባሰው ደግሞ ቀን ታክሲ እየነዳ ማታ ማታ በፓርኪንግ ጥቂት ሰዓት በደመወዝ የሚሠራው ነው። ያቺ ትንሽ ደመወዝ መደበኛውን መድን ታስገኝለታለች፤ መደበኛው ካለው ደግሞ የግል ሠራተኛው በር ይዘጋበታል። ስለዚህ ክፍያው የተሰላው በዋናው ሥራው ሳይሆን በትርፍ ሰዓቱ ነበር። ኋላ በታኅሣሥ 2020 ሕግ በሳምንት 100 ዶላር ማካካሻ ተጨመረ፣ ያም ክፍለ ግዛቱ ከተስማማ ነው። ሁለት መዝገብ ያለው ሰው የሚጠቅመውን እንዲመርጥ መፍቀድ አንድ መስመር ደንብ ነው፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ብዙዎችን ጎድቷል።

ማጭበርበሩም ከባድ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለግል ሠራተኞቹ ማመልከቻ በራስ ቃል ብቻ ይበቃ ስለነበር በተሰረቀ ስም የሚያመለክቱ ቡድኖች ጎረፉ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በሥራ አጥነት ክፍያዎች በሙሉ የተጭበረበረውን ከ100 እስከ 135 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ በአንድ ጊዜ ሲጠብቅ የታገደው ሌባው ብቻ አልነበረም፤ ስሙ በፓስፖርትና በመንጃ ፈቃድ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል የተጻፈውም ሰው ነው። የኢትዮጵያ ስም ያለው ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ «ገብረ» ከተከታዩ አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለያይቶ።

ለሁሉም እኩል

ጃፓን ለእያንዳንዱ ነዋሪ 100,000 የን ሰጠች። አሜሪካ በመጀመሪያው ዙር ለአዋቂ 1,200፣ ለልጅ 500 ዶላር ላከች፤ የዓመት ገቢው ከ75,000 ለበለጠ ብቸኛ ሰው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 5 እየተቀነሰ። ይህ መንገድ ቀላል ነው፣ ክርክር አያስነሳም፣ ውድም ነው። «ለሁሉም» የሚለው ቃል ግን አያታላችሁ። በአሜሪካው የመጀመሪያ ዙር ባልና ሚስት ግብራቸውን አንድ ላይ አስገብተው አንዳቸው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥር) ከሌላቸው፣ ሌላኛው ዜጋ ቢሆን እንኳ ሁለቱም አያገኙም ነበር። የታኅሣሡ ሕግ አረመው።

መዝገብ በሌለበት መለየት፦ ሎሜ፣ ኢስላማባድ፣ ብራዚሊያ

ለእንደ ኢትዮጵያ ዓይነቱ አገር ትልቁ ትምህርት እዚህ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ቶጎ ኖቪሲ የተባለውን መርሐ ግብር ሚያዝያ 8 ቀን 2020 ጀመረች። አመልካቹ በማንኛውም ተራ ስልክ *855# ይደውላል፤ የመራጭነት ካርድ ቁጥሩን ያስገባል። ሥርዓቱ ቁጥሩን ከመራጮች መዝገብ ጋር ያስተያያል። በመዝገቡ ላይ የሰውየው ሥራና አድራሻ ስላለ፣ በዋና ከተማዋ በሎሜና በዙሪያዋ የሚኖር፣ ሥራውም መደበኛ ያልሆነ ከሆነ ገንዘቡ ወዲያውኑ በሞባይል ሒሳቡ ይገባል። ቢሮ የለም፣ ወረፋ የለም፣ ኮሚቴ የለም። ለሴት በወር 12,250፣ ለወንድ 10,500 ሴፋ ፍራንክ፣ በሁለት ሳምንት በሁለት ሳምንት ተከፍሎ። ዝቅተኛው ደመወዝ 35,000 ስለነበር ለሴት 35፣ ለወንድ 30 በመቶ መሆኑ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው። ያስገረመው ፍጥነቱ ነው።

ለምን ቻሉ? የፕሬዚዳንት ምርጫ በየካቲት 2020 ስለነበረ የመራጮች መዝገቡ ትኩስ ነበር። ዕድል ነው። ምርጫ ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ልብስ ሰፊው በመዝገቡ ላይ ተማሪ ሆኖ ይገኝ ነበር። ከመንገዱ የወደቁትም ግልጽ ናቸው፦ በሌላ ክልል ተመዝግበው ሎሜ የሚኖሩ፣ ስልክ የሌላቸው፣ ካርድ ያላወጡ።

ቀጥሎ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ከኅዳር 2020 ጀምሮ፣ በ100 በጣም ድሃ አካባቢዎች የሳተላይት ምስልና የስልክ አጠቃቀም መረጃ በኮምፒውተር አስተያይተው ድሃውን ለመለየት ሞከሩ። ጥሪው ስንት ነው፣ ካርድ በስንት ይሞላል፣ የሚደውለው ወዴት ነው፣ ከዚህ ሁሉ ድህነት ይገመታል። በ2022 የታተመው ጥናት ውጤቱን በሐቅ አስቀምጧል፦ በቦታ ብቻ ከመምረጥ ጋር ሲነጻጸር ያለአግባብ የሚቀሩትን ከ4 እስከ 21 በመቶ ይቀንሳል፤ ሙሉ የማኅበራዊ መዝገብ ካለው ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ግን ከ9 እስከ 35 በመቶ ይጨምራል። በአጭሩ፣ ምንም ከሌለ ይሻላል፤ ከመልካም መዝገብ ግን ያንሳል። ሻጮች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይነግሯችኋል።

ፓኪስታን በመልእክት ሄደች። ሰው የመታወቂያ ቁጥሩን ወደ 8171 ይልካል፤ መንግሥት ከብሔራዊ መታወቂያው መሥሪያ ቤት ጋር አስተያይቶ ውጭ አገር የተጓዘውን፣ መኪና በስሙ ያለውን፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ይጥላል። ለቀረው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ 12,000 ሩፒ። 15 ሚሊዮን ለሚጠጋ ቤተሰብ ደረሰ። ችግሩ መጨረሻው በር ላይ ነው፦ ገንዘቡ የሚወጣው በጣት አሻራ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጡብ የተሸከመና ሲሚንቶ ያቦካ ሰው አሻራው ተፍቋል፤ ማሽኑ አያውቀውም። ድጋፉ የታሰበለት ሰው በትክክል ያ ሰው መሆኑን አስቡት። ከዚህም ሌላ በመክፈያው ቦታ ሰው ተጨናንቆ ተሰለፈ፤ ከቤት አትውጡ በተባለበት ወር። አሻራ ካደረጋችሁ በዕለቱ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሌላ ማረጋገጫ አስቀምጡ።

ብራዚል ሦስቱን አጣመረች፦ ነባር የድሆች መዝገብ፣ በስልክ መተግበሪያ አዲስ ምዝገባ፣ በመንግሥት ባንክ የሚከፈት የዲጂታል ሒሳብ። በወር 600 ሬያል፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት 1,200፣ 68 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው። ውጤቱ በቁጥር የታየ ነው። የገቢ አለመመጣጠን መለኪያው ጂኒ በ2019 ከነበረበት 0.544 በ2020 ወደ 0.524 ወረደ፤ ያውም ኢኮኖሚው በወደቀበት ዓመት። እንከኑም ብዙ ነው። የግብር መለያ ቁጥራቸው የተበላሸባቸው ሰዎች ለማስተካከል በየቢሮው ደጅ ተሰለፉ። ከዝርዝሩ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደመወዝተኛ ወታደሮች ተገኙ፤ የወታደሮቹ የደመወዝ መዝገብ ከሌላው ጋር አልተስተያየም ነበርና።

ሴፍቲኔትን ማስፋት፣ እና የእኛ አገር

ኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መድን የላትም። ሚያዝያ 2020 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ሠራተኛ ማሰናበትን፣ ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ከለከለ። ይህ መንግሥትን ብር የማያስወጣ ድጋፍ ነው፤ ሸክሙን ወደ አሠሪውና ወደ አከራዩ ያዞራል። ለወር ደመወዝተኛ ጠቅሟል። ዕለት በዕለት በቃል ተቀጥሮ ለሚሠራው ግን «ነገ አትምጣ» ማለት ማሰናበት ተብሎ አይመዘገብም።

በገንዘብ በኩል በእጅ የነበረው ሴፍቲኔት ነው። የገጠሩ ከ2005 ጀምሮ አለ። የከተማው በ11 ከተሞች 604,000 ሰው ለመድረስ ታቅዶ የተጀመረ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው በአካባቢ ጽዳትና በአረንጓዴ ልማት ሠርተው የሚከፈላቸው፣ መሥራት የማይችሉት ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ናቸው። ኮሮና ሲመጣ ሥራው ቀርቶ ክፍያው በቅድሚያ ተሰጠ። ከሁሉም መንገድ ፈጣኑ ይህ ነው፤ ዝርዝሩ አለ፣ ሒሳቡ ተከፍቷል፣ ሰዎቹ ይታወቃሉ። ለነባር ተረጂ መጠኑን መጨመር በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አዲስ ተረጂ መጨመር ግን ሌላ ሥራ ነው። ምርጫው በቀበሌና በሠፈር ኮሚቴ በኩል ሲሆን የሚቀሩት የታወቁ ናቸው። ከወሎ ወይም ከጎጃም መጥታ ጓሮ ቤት ተከራይታ ቆሎና በቆሎ የምትሸጥ ሴትን ውሰዱ። የከተማው መታወቂያ የላትም፤ አከራይዋ ለመታወቂያ አይመሰክሩላትም፣ ምክንያቱም የኪራይ ግብር ይመጣል ብለው ይሠጋሉ። ዕድርም ገና አልገባችም። ኮሚቴው ክፉ አይደለም፣ አያውቃትም እንጂ። እሷን ለማግኘት ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ሥራዋ መሄድ ያስፈልጋል፦ ጉልቱ፣ የአትክልት ተራው፣ የቀን ሠራተኛ የሚሰበሰብበት አደባባይ፣ የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ማኅበር። ለሦስት ቀን ከየቦታው ሁለት ሁለት ሰው አስቀምጣችሁ ስም፣ ስልክና የመጡበትን ቀበሌ ብትመዘግቡ፣ ኮሚቴው በወር የማያገኘውን ታገኛላችሁ። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ፣ ፋይዳ መታወቂያም እየተስፋፋ ሲሄድ፣ መክፈሉ ከቀድሞው ቀሏል። ሰውየውን ማግኘቱ ግን አሁንም የእግር ሥራ ነው።

በማን ስም?

ለአባወራው ይሰጥ የሚለው ልማድ ቀላል ስለሆነ ይመረጣል። ጃፓን ገንዘቡን በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ስለላከች፣ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ የምትኖር ሴት ድርሻዋን ለመቀበል ልዩ ማመልከቻ ማስገባት ነበረባት። ብራዚል ለእናት እጥፍ ስትሰጥ፣ አብሯቸው የማይኖር አባት የልጆቹን ቁጥር ቀድሞ በራሱ ማመልከቻ ሲያስገባ እናትየዋ ውድቅ ትሆን ነበር።

የደቡብ አፍሪካው ይበልጥ ረቂቅ ነው። በግንቦት 2020 የጀመረው የ350 ራንድ ድጋፍ «ሌላ ድጎማ የማያገኝ» የሚል መስፈርት ነበረው። የልጆች ድጎማ የምትቀበል እናት ሌላ ድጎማ እንዳላት ተቆጠረባት፤ የልጁ ገንዘብ የእሷ ተደርጎ። ለአሳዳጊዎች ለብቻው የተሰጠው 500 ራንድ በጥቅምት ሲቆም ባዶ እጇን ቀረች። የ350ው ተቀባዮች አብዛኞቹ ወንዶች ሆኑ። ይህ የተስተካከለው በነሐሴ 2021 ነው። መስፈርት ስትጽፉ «ለራሱ የሚከፈል ድጎማ» እና «ለሚያሳድገው ልጅ የሚከፈል ድጎማ» ብላችሁ ለዩ።

መቼ ይቆማል?

ብራዚል 600ውን አምስት ወር ከፍላ ወደ 300 አወረደች፣ በታኅሣሥ 2020 አቆመች። ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ባዶ አለፉ፤ ሁለተኛው የበሽታ ማዕበል በበረታበት ወቅት። በሚያዝያ 2021 ከ150 እስከ 375 ሬያል፣ ከቀድሞው በቁጥር ላነሱ ሰዎች ተቀጠለ። ጂኒው ወደ 0.544 ተመለሰ። አሜሪካም በ2021 ሁለተኛ አጋማሽ ለልጆች ከስድስት ዓመት በታች በወር 300፣ ከዚያ በላይ 250 ዶላር ከፈለች፤ ድጋፎችን በሚቆጥረው መለኪያ የልጆች ድህነት ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ክፍያው ሲቆም በ2022 ወደ 12.4 ተመለሰ።

ማቆሚያውን በቀን አትጻፉ። በቀን ከተጻፈ በሽታው ቀኑን አያውቅም። ከሁኔታ ጋር እሰሩት፦ ገደቡ ከተነሳ ስንት ሳምንት በኋላ፣ ገበያው ስንት ቀን ሳይዘጋ ከቆየ በኋላ። ሲወርድም በደረጃ ይውረድ። ካናዳ በአራት ሳምንት 2,000 ዶላር ስትከፍል በዚያው ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ የሠራ ሰው ሙሉውን ያጣ ነበር፤ ስለዚህ 990 ላይ ደርሶ ሥራ ማቆም ያዋጣል። ከሚሠራው እያንዳንዱ ብር ላይ በከፊል መቀነስ ይሻላል።

ታዲያ የቱን?

ከሠራተኛው አብዛኛው በፔሮል ላይ ከሆነ፦ የደመወዝ ድጎማ፣ ከዝቅተኛው ደመወዝ የማያንስ ወለል አድርጋችሁ፤ ከጎኑ ለግል ሠራተኞች ለብቻው በር። ፔሮሉ ትንሽ፣ ሴፍቲኔቱ ትልቅ ከሆነ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ለነባሮቹ መጨመር፣ በሁለተኛው በሥራ ቦታ ምዝገባ መጀመር፣ በአራተኛው ለአዲሶቹ መክፈል። ሁለቱም ከሌሉ፣ ግን ትኩስ የመራጮች ወይም የመታወቂያ መዝገብ ካለ፦ የሎሜውን መንገድ፣ ስልክ ለሌለው በአካል የሚመዘገብበት ጠረጴዛ ጨምራችሁ። ምንም ከሌለ በቦታ ምረጡ፦ በጣም ድሃ ሠፈሮችን ወስዳችሁ እዚያ ላለው ሁሉ ስጡ። ጥቂት ያለው ሰው አብሮ ይቀበላል፤ የሌለው ሳያገኝ ከሚቀር ያ ስህተት ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የቅሬታ በር ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይከፈት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብዙ አመልካቾች የወደቁት የሥራ አጥነት መድን መዝገቡ ስላረጀ ነው፤ ከዓመታት በፊት የለቀቁት ሥራ አሁንም አላቸው ተብሎ። የውድቀት መልእክቱ «አልተፈቀደም» ብቻ ከሆነ ሰው የሚያርመውን አያውቅም። «በዚህ ድርጅት ተቀጣሪ ነህ ይላል፤ ካልሆንክ 1ን ተጫን» የሚል ከሆነ ግማሹ ቅሬታ በስልክ ላይ ያልቃል። የተረጋገጠለት ሰው ክፍያ ካመለከተበት ቀን እንጂ ቅሬታው ከተፈታበት ቀን አይቆጠር።